ተቆራኝተን አራዳ፦ ስለ አንድ ዳውላ ግብር የሄድንበት መንገድ

አራዳን ሳያዩ ለሚኖሩ ለቡልጋ ሰዎች ይህን ጻፍኩ። አይተነዋል የምትሉም ብትኖሩ አንብቡት። እናንተ ያያችሁት እንደ ሰው ብቻችሁን እየተራመዳችሁ ነው። እኔ ግን ያየሁት የነጠላዬ ጫፍ ከባላጋራዬ ነጠላ ጫፍ ጋር ተቋጥሮ ነው፤ እሳቸው ሲቆሙ እየቆምኩ፣ እሳቸው ሲያስነጥሳቸው እየተነቀነቅሁ።

ነገሩ የግብር ነው። መንደራችን በየዓመቱ ለመልከኛው እህል ይሰፍራል። መልከኛው የሚፈልገው ድምሩን ነው፤ ማን ስንት ያዋጣ የሚለውን የምንደለድለው እኛው ነን። ድልድሉ ከአባቶቻችን ጀምሮ በጭስ ነበር፤ ጭስ የሚወጣበት ቤት ሁሉ አንድ ዳውላ ያገባል። ስድስት ጥማድ በሬ ያለው አንድ ዳውላ፣ በሬ የሌለውም አንድ ዳውላ። ታላቅ እህቴ ወይዘሮ ሸዋዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሬ የላትም። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የሚደርሳትን ተካፍላ፣ ከዚያ ላይ ዳውላው ሲሰፈር የሚቀራት እህል ከነልጆቿ ክረምቱን አያሻግራትም። አምና አጎደለች። በአገራችን ልማድ ደግሞ ሁለት ዓመት ያጎደለ ሰው መሬቱን ግብሩን ለከፈለለት ይለቃል። ሊከፍሉላት የተሰናዱት አጥር ለአጥር የሚዋሰኗት አያ ወልደየስ ናቸው፤ ባለ ስድስት ጥማዱ።

አያ ወልደየስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ጨዋታ አዋቂ፣ እጃቸው የማይሰስት፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ናቸው። ነገር ግን «እኩል» የምትል ቃል ከአፋቸው ከወጣች በሬ ጠምዶም የሚመልሳት የለም። በሸንጎ ስሟገታቸው፣ ስጮኽ፣ እሳቸው ሲስቁ፣ መጨረሻ ላይ «አራዳ ወርደን ዳኛ ይየን!» አልኩ። የመንደራችን ጭቃ ሹም ዋስ ጥሩ ቢላቸው «ለእኔ ዋስ የሚሆን አልተወለደም፤ እሰረኝ» አሉ። እኔም ከሳቸው ላላንስ «እሰረኝ» አልኩ። ጭቃ ሹሙ እየሳቀ፣ ከፍርዱ በፊት አንዳችን እንዳያመልጥ የሁለታችንን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ቋጠረው።

ሰኞ

ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። እትዬ ሸዋዬን «አንቺ ቅሪ፣ እኔ እበቃለሁ» ብላት «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ብላ ስንቋን ቋጥራ ከፊቴ ቆመች። ያለችኝ በቅሎ አንዲት ዳማ ናት፤ እሷ ላይ አስቀመጥኳት። አያ ወልደየስ ከበቅሎዎቻቸው አንዷንም አላመጡም። «ተቆራኝቶ በበቅሎ የሚሄድ የት አለ? አንተ በእግርህ፣ እኔ በእግሬ፤ እኩል!» አሉኝ። ደስ አላቸው። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ። አራዳን ላየው ነው! እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ነበር።

ከሰም ወንዝ ስንደርስ ደስታው ቀዘቀዘ። ማን ቀድሞ ይግባ ተባባልን። እኔ «ሽማግሌ ይቅደም» አልኩ፤ እሳቸው «ጉልበታም ይቅደም» አሉ። ተከራክረን ስናበቃ ሁለታችንም አንድ ላይ ገባን፤ ሁለታችንም አንድ ላይ ተንሸራተን ውኃው ውስጥ ቁጭ አልን። እትዬ ሸዋዬ ከበቅሎዋ ላይ ሆና «አሁን ነው እኩል የሆናችሁት!» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

አቀበቱን ወጥተን በአንድ ዲያቆን ቤት አደርን። ዲያቆኑ እርጥብ ልብሳችንን እሳት ዳር ሰቀለልን፤ ሚስቱም የአተር ወጥ በትኩስ እንጀራ አቀረበች። ሲመሽ ቋጠሮውን የምትፈታው እትዬ ሸዋዬ ነበረች፤ ሁለታችንን አስምላ ትፈታለች፣ ሲነጋ መልሳ ትቋጥራለች። አያ ወልደየስ ሌሊቱን ያንኮራፉት ማንኮራፋት የመንደራችን ጅብ እንኳ አይጮኸውም።

ማክሰኞ

ደጋውን ይዘን ዋልን። ነፋሱ! እኛ ቆላ ጠርዝ ላይ ለኖርን ሰዎች የዚያ ሜዳ ብርድ ሌላ ነው። አለልቱን አልፈን ወደ ሰንዳፋ ስንቀርብ ዝናብ ያዘንና የኦሮሞ ባላባት ከሆኑ ከኦቦ ቱፋ ደጅ ደረስን። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ ሳይሉ አስገቡን። በእንስራ ሙሉ ወተት፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ቀረበልን። እኛ አገር ለእንግዳ ጠላ ነው የሚቀዳው፤ እዚያ ወተቱ እንደ ጠላ ይቀዳል፣ አልጠጣም ማለትም አይቻልም።

ቋጠሮውን ሲያዩ ኦቦ ቱፋ «ምን አጣላችሁ?» አሉ።

አያ ወልደየስ ቀደሙኝ። «ግብር እኩል ይሁን ብዬ ነው፣ ወንድሜ። እኩል ማለት ወንጀል ሆኖ ነው!»

ኦቦ ቱፋ ወተቱን እየጨመሩልን መለሱ። «እኛ አገር ከብቱ ያለቀበት ሰው ሲኖር ሁላችን እናዋጣለን። ስናዋጣ ግን የሰውየውን በረት አይተን ነው። በረቱ የሞላ ጊደር ያመጣል፤ ሁለት ላም ያለው ደግሞ ወተት ያመጣል።»

«እሱ ስጦታ ነዋ!» አሉ አያ ወልደየስ። «ስጦታ ከልብ ነው፤ ግብር ከትእዛዝ ነው። ልቤ እንደፈቀደ እሰጣለሁ፤ የታዘዝኩትን ግን ከጎረቤቴ እኩል ነው የምከፍለው።»

ኦቦ ቱፋ ሳቁ፤ «ሰውየው አይረቱም፤ ትደክማለህ» አሉኝ። እኔ በንዴት ጩኮውን ጨረስኩት። አያ ወልደየስ የራሳቸውን ድርሻ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ሰውየውን መጥላት እንዳይቻል እንዲህ ያደርጋሉ፤ ያናድዳሉም።

ረቡዕ

ኮተቤን አልፈን የካን ስንወጣ የባሕር ዛፍ ጫካ ተቀበለን። እኛ አገር ዛፍ ሲተከል የልጅ ልጅ ያየዋል ይባላል፤ ይኸኛው ግን ተክለውት ሳይጨርሱ ያድጋል አሉ። ከዚያ ከተማው! ቆርቆሮው በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ውኃ የተኛበት ሜዳ መስሎኝ «እዚህ ሐይቅ አለ እንዴ?» አልኩ። አንድ እንጨት ጫኝ ሰምቶ «አዎ፣ ሰዎች ይኖሩበታል» ብሎኝ አለፈ። የአራዳ ሰው ምላሱ እንዲህ ነው፤ ሳትጠይቀው ይመልሳል፣ ስትጠይቀው ይቀልዳል።

ጊዮርጊስን ተሳልመን ወደ ገበያው ስንገባ ነፍሴ ከሥጋዬ ልትወጣ ምን ቀራት። የዐረቡ ሱቅ፣ የሕንዱ ሱቅ፣ የግሪኩ ዳቦ ቤት፣ የአርመኑ ጫማ ሰፊ፤ ሁሉም ደጅ ለደጅ! እኛ አገር አንድ ገበያ ለመውጣት ሳምንት እንጠብቃለን፤ እዚህ ገበያው ራሱ ሰዎቹን የሚጠብቅ ይመስላል። አፌን ከፍቼ ስሄድ ከኋላችን መኪና መጣ።

መኪና አይቼ አላውቅም ነበር። ሰማሁት እንጂ አላየሁትም፤ ጩኸቱን ስሰማ ወደ ግራ ዘለልኩ። አያ ወልደየስ ደግሞ ወደ ቀኝ። ቋጠሮው ጠንካራ ነበር። ሁለታችንም መሐል ላይ ተመልሰን ተጋጨንና ተያይዘን በጎመን ሻጯ ላይ ወደቅን። መኪናው ቆመ፤ ነጂው ሳቀ፤ ሰዉ ተሰበሰበ። ጎመን ሻጯ ግን አልሳቀችም።

«እናንተ! ሁለት ሰዎች ናችሁ ወይስ አንድ ሰው በሁለት ራስ?» ብላ ጮኸች።

አያ ወልደየስ አፈራቸውን እያራገፉ «እመቤቴ፣ ለጎመንሽ እንክሳለን፤ እኩል!» አሉ።

«እኩል?» አለች ጎመን ሻጯ፣ አንዴ የሳቸውን ሸማ፣ አንዴ የኔን ቡቱቶ እያየች። «እርስዎ ይካሱኝ። እሱማ የሚለብሰውም የለው!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። በዚያች ቅጽበት አራዳን ወደድኩት። አያ ወልደየስም ከፈሉ፤ እየሳቁ ከፈሉ።

ያረፍነው ለጨውና ለአቡጀዲ ንግድ ወደኛ አገር ሲመጣ እኛ ቤት ያርፍ በነበረው በአቶ እንድሪስ ቤት ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ከገበያው በታች ሱቅም ቤትም አለው። ሚስቱ ወይዘሮ ዘይነባ ቋጠሮውን አይታ «አላህ ያውጣችሁ!» አለችና እግራችንን ልታጥብ ጎንበስ ስትል እትዬ ሸዋዬ እጇን ያዘቻት። በግድ አጠበችን። ረቡዕ ጾም መሆኑን አልዘነጋችም፤ የምስር ወጥ ሠርታ አቀረበችልን።

ሐሙስ

ችሎቱ ደጅ ስንደርስ የሰው ብዛት! ከየአገሩ የመጣ ባለጉዳይ ሁሉ እዚያ ነው፤ የተቆራኘው እንደ ጥማድ በሬ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቆሟል። ከከፋ የመጡ ሁለት ሰዎች ሦስት ወር ተቆራኝተው መቆየታቸውን ሲነግሩን እኔና አያ ወልደየስ ተያየን። ዐይኖቻቸው ውስጥ የኔው ፍርሃት ነበር። ያን ቀን ተራ አልደረሰንም። የእህል መስፈሪያው ጊዜ ግን አይጠብቅም፤ ጥር ከመግባቱ በፊት ካልተወሰነ የእትዬ ሸዋዬ መሬት ያለ ሙግት ይሄዳል።

ማታ ወደ እንድሪስ ቤት ስንመለስ ግቢው ውስጥ በግ ታስሯል። እንግዳ ሥጋ ሳይበላ አይሄድም ብሎ እንድሪስ ገዝቶታል። ነገር ግን የእስላም ሥጋ እኛ አንበላ፣ የክርስቲያን ሥጋ እነሱ አይበሉ። ለዚህም ብልሃት አዘጋጅቷል፤ ጎረቤቱን ልብስ ሰፊውን አቶ ሀብቴን ጠራ። አቶ ሀብቴ በስመ አብ ብሎ አረደልን፤ ወጡ በሀብቴ ቤት ድስት፣ በሀብቴ ሚስት እጅ ተሠርቶ መጣ። እንድሪስ አጠገባችን ተቀምጦ የራሱን ሽሮ እየበላ በዐይኑ «ብሉ፣ ብሉ» ይለናል። ራስ የማይቀምሱትን ገዝቶ ለሰው ማብላት! እንዲህ ያለ ደግነት በሕይወቴ አላየሁም። እጁን ልስም ተነሣሁ፤ ቅልጥሙን ግን አልተውኩትም።

እየበላን ነገሩ ተነሣ። አቶ ሀብቴ ቀጭን፣ ዐይኑ የማያርፍ፣ መርፌውና ምላሱ እኩል የሰላ ሰው ነው። እሱም የኛን ክርክር እንደ በዓል ነው የወደደው። እንድሪስን «እናንተ ዘካ ስትሰጡ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ከሀብቱ ላይ የተወሰነ እጅ ይወጣል» አለ እንድሪስ። «ነገር ግን መጀመሪያ ልክ አለው። ከልኩ በታች ያለው ሰው አይሰጥም፤ እንዲያውም ይቀበላል።»

«ሰማህ?» አልኳቸው አያ ወልደየስን፤ በደስታ «አንተ» ማለቴን እንኳ አላወቅሁም።

«አንቱ በል፣ ባለጌ» አሉኝ፤ አልተቆጡም። «ሰማሁ። እሱም ቢሆን ከልኩ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት እጅ ነው የሚያወጣው አለ። ሀብታሙ ከመቶው የበለጠ ያውጣ አላለም። እኔ በሬ የገዛሁት ተኝቼ ነው? በሬ በጨመርኩ ቁጥር ግብር ብትጨምሩብኝ ለምን እጨምራለሁ? ልጄም እኔን አይቶ አርፎ ይተኛል። የሰነፍ አገር ትሆናላችሁ!»

እኔ ወደ አጥንቴ ተመለስኩ። እትዬ ሸዋዬ ግን እያሰበች ነበር።

ዓርብ

ችሎቱ ደጅ ቆመን ዋልን፤ ተራ የለም። እንድሪስ ከስግደት ሲመለስ ቆሎ አመጣልን። ማታ አቶ ሀብቴ ብቅ አለና «እናንተ ሞኞች! ነገ ቅዳሜ ነው፤ አራዳ ገበያ ነው። የመንገድ ዳኛ ያዙና ተሟገቱ። ሁለታችሁ ካመናችሁ ፍርዱ ፍርድ ነው» አለን። አያ ወልደየስ ጢማቸውን አሻሹ፤ «በሰው መሐል?» አሉ። ዐይናቸው በራ። ክርክር ሰው ካልሰማው ለሳቸው ጨው የሌለው ወጥ ነው።

ቅዳሜ

ይህን ቀን እንዴት ብዬ ልጽፈው! ገበያው ከጊዮርጊስ ደጅ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሰው በሰው ነው። ማር፣ በርበሬ፣ ሰሌን፣ ፈረስ፤ ሁሉም ይጮኻል። አቶ ሀብቴ የስፌት መኪናውን ትቶ መጥቶ አንድ ነጭ የለበሱ፣ በበቅሎ የሚያልፉ ሽማግሌ አሳየን። «ባሻ ወልዴ ናቸው፤ ዳኛ ነበሩ። ያዟቸው!» አለ። ሮጠን በቅሎዋ ፊት ቆምን፤ «በንጉሥ አምላክ ዳኛ ሁኑን!» አልን። እንዲህ የተባለ ሰው አልፎ አይሄድም። ባሻ ወልዴ ተነፈሱ፣ ወረዱ፣ በዐረቡ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። የዐረቡ ሰውዬ ራሱ ምንጣፍ አነጠፈላቸው። ሰዉ ከበበን።

አያ ወልደየስ አደገደጉና ጀመሩ። «ዳኛ ያሳይዎ! ዝናብ ሲዘንብ የሀብታምን ቤት ለይቶ ነው? ዳኛ ሲፈርድ የሀብታምን ፊት አይቶ ነው? ሁሉ እኩል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አንድ አንድ ሎሚ ይያዝ! ጭስ ጭስ ነው፤ አንድ ጭስ አንድ ዳውላ።»

«እውነት ነው!» አለ ሰዉ።

እኔ ተነሣሁ። «ዳኛ ያሳይዎ! ሎሚ ጌጥ የሚሆነው እጅ ላለው ነው። የሳቸው ጭስ ከጠጅ ቤት፣ ከማድቤት፣ ከገረድ ቤት ይወጣል፤ የእህቴ ጭስ ከአንዲት ምድጃ ነው። ስንቱን ጭስ አንድ ብለው ቆጠሩት?»

«ይህም እውነት ነው!» አለ ያው ሰው። የአራዳ ሰው ክርክር ይወዳል፤ የማን እንደሆነ ግድ የለውም።

ከዚያ ከሰዉ መሐል አንድ መሪጌታ ወደ ጊዮርጊስ ሲሄዱ ቆመው ኖሮ «ምን ያከራክራችኋል? ከዐሥር አንድ ነው! አሥራት የታዘዘ ነው» አሉ። አያ ወልደየስ ይህን እንደ ጭልፊት ለቀም አደረጉት። «ይሁን! ጭሱን ተውኩት። ከዐሥር አንድ! ሁሉም ካገኘው ከዐሥር አንዱን ያግባ። እኔ ብዙ ስላለኝ ብዙ አወጣለሁ፤ እሷ ጥቂት ስላላት ጥቂት። ከዚህ ሌላ ምን ፍትሕ አለ?»

ሰዉ አጨበጨበ። ባሻ ወልዴም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭንቅ ያዘኝ። በአሥራት ላይ ምን ብዬ አፌን ልክፈት? መሪጌታው እዚያው ቆመው ያዩኛል። ደሜ ፈላና እንደ ልማዴ አፌ ከራሴ ቀደመ፦ «በበቅሎ! በበቅሎ እረታዎታለሁ!»

እኛ አገር በሙግት ላይ ውርርድ አለ፤ ማር ይወራረዳሉ፣ ፈረስ ይወራረዳሉ፤ የተሸነፈው ለዳኛው ይከፍላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቃሌ ወጥታ ካበቃች በኋላ ነው ያለችኝ በቅሎ ያቺ ዳማ ብቻ መሆኗ ትዝ ያለኝ። አያ ወልደየስ ወዲያው «በበቅሎ! እኔም አንድ፣ አንተም አንድ፤ እኩል!» አሉ።

ያን ጊዜ እትዬ ሸዋዬ ከሰዉ መሐል ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ «ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች።

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

«ወንድሜ ቢሸነፍ በእግራችን ነው አገራችን የምንገባው፤ እኔም የምጭነው የለኝም። አያ ወልደየስ ቢሸነፉ ግን የትኛዋን በቅሎ እንደሰጡ ለመለየት ቤታቸው ገብተው መቁጠር አለባቸው። ሁለቱም አንድ በቅሎ ተወራረዱ። እኩል ተወራርደዋል?»

ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለ። ቀጠለች።

«አሥራቱም እንዲሁ ነው። እኔ ካለኝ ዐሥር ቁና አንዱ ሲሄድ የሄደው ከልጆቼ አፍ ነው። እሳቸው ካላቸው መቶ ዳውላ ዐሥሩ ሲሄድ የሄደው ከጎተራው ጥግ ነው። ቁጥሩ እኩል ነው፤ ሕመሙ እኩል አይደለም። እኩል እንሁን ካላችሁ ሕመሙን እኩል አድርጉት።»

ጎመን ሻጯ ከየት እንደመጣች እንጃ፤ «ይበለው!» ብላ እልል አለች። አራዳ በሙሉ እልል አለ። መሪጌታው ወደ ጊዮርጊስ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ሲሄዱ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር፣ በደግ ነው በክፉ አላወቅሁም። እኔ አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ያልተናገርኩት ሁሉ በራሴ አንደበት የወጣ መሰለኝ።

አያ ወልደየስ ያን የሐሙሱን ክርክር አመጡ፤ በሬ በጨመርኩ ቁጥር ከተቀጣሁ ለምን እጨምራለሁ የሚለውን። ባሻ ወልዴ ይህንም ሰሙ። ከዚያ እንዲህ ፈረዱ፦ ድልድሉ በጥማድ ይሁን። በሬ የሌለው ምንም አያግባ። ባለ አንድ ጥማዱ ጥቂት ያግባ። ከዚያ በላይ ባለው በእያንዳንዱ ጥማድ ላይ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ነገር ግን ከአዲሱ ጥማድ ከሚገኘው እህል የሚበዛው ለባለቤቱ ይቅር፤ ሰው በሬ መግዛት እንዳይጠላ።

«ተፈረደ!» ብሎ ሰዉ ጮኸ። እኔ ባሻ ወልዴ እግር ሥር ወደቅሁ፤ አያ ወልደየስም በቋጠሮው ተስበው አብረው ወደቁ።

ስነሣ ግን አያ ወልደየስ እንዳልተከፉ አየሁ። ጢማቸውን እያሻሹ ለስለስ ብለው «ይሁን። ለወይዘሮ ሸዋዬ ይቅርላት፤ ከእንግዲህ ምንም አታግባ። እኔ የሷን ድርሻ ጭምር አወጣለሁ» አሉ።

«አይሆንም!» አለች እህቴ።

ሁሉም ዞረ። እኔ «አብደሻል?» አልኳት። «ነፃ ወጥተሻል እኮ!»

«ከምኑ ነው የወጣሁት?» አለችኝ፤ ፊቷ ቀልቷል። ወደ ዳኛው ዞረች። «ዳኛ፣ በኛ አገር ግብር የሚቀበለው ጭቃ ሹም እህሉን ሲያስገባ የሰውየውን ስም በሸንጎ ይጠራል። 'እከሌ ግብሩን አግብቷል' ይላል። ስሙ የተጠራ ሰው መሬት አለው። ዘንድሮ ምንም ሳላገባ፣ ከርሞም ምንም ሳላገባ ብቀር፣ በሦስተኛው ዓመት 'ሸዋዬ የምትባል ምን መሬት አላት? ማን ሲገብርላት ነበር?' ይባላል። መልሱ አያ ወልደየስ ነው። ምሕረት ብላችሁ የሰጣችሁኝ ነገር መሬቴን ይዞት ይሄዳል።»

አያ ወልደየስ ጢማቸውን ማሻሸት አቆሙ። ይህን አስበውት ይሁን ሳያስቡት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ባሻ ወልዴ ወደ እሷ ዞሩ። «ምን ያህል ልታገቢ ትፈልጊያለሽ?»

«አንድ ቁና።»

«ለምን አንድ ቁና?»

«በራሴ ተሸክሜ ልሄድበት የምችለው ነው። ሳልራብ። እሱንም ሰው አይሸከምልኝ፤ ስሜም ይጠራ።»

ባሻ ወልዴ «በሬ ለሌለው አንድ ቁና፤ ስሙም እንደ ባለ ስድስት ጥማዱ ይጠራ» አሉ። አያ ወልደየስ ያን ጊዜ ብቻ ጎንበስ ብለው «ተረትቻለሁ፤ ንጉሥ ይሙት፣ እፈጽማለሁ» አሉ። የውርርዷን በቅሎ ባሻ ወልዴ አልወሰዱም፤ «እንዲህ ፈርጄ በቅሎ ብቀበል ፍርዱን ራሴ አፈረስኩት» ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡና ሄዱ።

ቋጠሮውን አቶ ሀብቴ በመቀሱ ሊቆርጠው ሲል አያ ወልደየስ «ተው፣ ጥሩ ሸማ ነው» ብለው በጥርሳቸው ፈቱት። ከዚያ በኋላ ግን ሁለታችንም እንደለመድነው ጎን ለጎን ነበር የሄድነው። አንዴ ጨርቅ ልይ ብዬ ስቆም እሳቸውም ቆሙ፤ ከዚያ ተያይተን ሳቅን።

እሑድና ከዚያ በኋላ

ወይዘሮ ዘይነባ ለእትዬ ሸዋዬ አዲስ መቀነት፣ ለእኔ ደግሞ ጎመን ሻጯ የሰደበችውን ቡቱቶ እንድጥል አቡጀዲ ሰጠች። እንድሪስ እስከ የካ ሸኘን። መመለሻው ረጅም አልመሰለኝም፤ በየደረስንበት ቤት ስለ አራዳ አወራሁ። አያ ወልደየስ የረሳሁትን እየጨመሩ፣ የተረቱበትንም ክርክር ራሳቸው እየተረኩ መጡ። ከኔ ይልቅ አሳምረው ይተርኩት ነበር።

ጥር ገባ፤ የመስፈሪያው ቀን ደረሰ። ሸንጎው ዛፍ ሥር ጭቃ ሹሙ ተቀምጧል፤ የአያ ወልደየስ አህዮች ጭነታቸው ከወትሮው ብሶ ተሰልፈዋል። እህቴ ከነሱ ፊት አንድ ቁና ጤፍ በራሷ ተሸክማ ደረሰች። ጭቃ ሹሙ ቀና ብሎ አያትና «ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ለዚች ነው የደከሙት? እዚያ ያስቀምጡት» አለና ወደ አህዮቹ ዞረ።

እሷ ግን አላወረደችውም፤ ቆመች። ፀሐዩ ከረር ብሏል። ጭቃ ሹሙ የመጀመሪያዋን አህያ ሊያስፈታ ሲል ከኋላ የአያ ወልደየስ ድምፅ መጣ።

«ተራው የሷ ነው። ስሟን ጥራ፤ እኛ ከኋላዋ ነን።»

ጭቃ ሹሙ አፈረ። ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ለመንደሩ ሁሉ ጮኸ፦ «ወይዘሮ ሸዋዬ ግብራቸውን አግብተዋል!»

ያን ጊዜ ነው እህቴ ቁናውን ከራሷ ያወረደችው።